ጥላ፣ ውሃና ልጅ፦ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ወላጆች

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ትንንሽ ልጆች ነው፤ ገና አንደኛ ክፍል ስላልገቡት፣ ከአንድ እስከ አምስት ስድስት ዓመት ስላሉት። እነዚህን ልጆች ጥላ ወዳለበት የሰፈር መጫወቻ ይዞ መሄድና እዚያ በውሃ ማጫወት ምን እንደሚጠቅም፣ እንዴት እንደሚደረግና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ እንነጋገራለን። "ጨዋታ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?" የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ከጨዋታ የሚበልጥ ትምህርት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት፣ ሰውነቱን እያንቀሳቀሰ መዋል እንዳለበት ይመክራል። በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋና ከሶፋ መካከል፣ ሦስት ሰዓት የሚያንቀሳቅስ ቦታ ከየት ይገኛል? ስለዚህ መውጣት ግድ ነው።

ጉራጌ ደግሞ ልጁ የሚጫወትበትን ቦታ አስቦ መንደር የሠራ ሕዝብ ነው። ጀፎረ አለው። በገጠር ያደጋችሁ ስሙ ሲነሳ ብቻ ሣሩ እግራችሁ ሥር ይታወቃችኋል። በከተማ ተወልዳችሁ ላላያችሁት ግን ልንገራችሁ፦ ጀፎረ መንደሩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ በሣር የተሸፈነ፣ እጅግ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፤ የእንሰቱ ማሳ ከቤቱ ጀርባ ነው። ሣሩን ከብቱ ስለሚግጠው አጭርና ለስላሳ ሆኖ ይከርማል። ዳር ዳሩን ዛፎች ይቆሙበታል። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የሽማግሌዎች ሸንጎም፣ የመስቀል ደመራውም እዚያው ነው። ልጅ ደግሞ በየቀኑ እዚያ ይውላል።

አሠራሩን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። እናት እንሰት እየፋቀች ወይም ቡና እየቆላች ቀና ስትል ልጇ በደጇ በኩል ይታያታል። የእሷ ዐይን ለአፍታ ቢነሳ የጎረቤት ዐይን አለ፤ ጀፎረ ላይ የወደቀን ልጅ የሚያነሳው መጀመሪያ የደረሰ ነው፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠየቀው በኋላ ነው። ልጁ ሲሮጥ ቢወድቅ የሚያርፈው ሣር ላይ ነው። ፀሐይ ሲከር ዛፍ ሥር ይገባል። ዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ለሕፃናት መጫወቻ የሚሆን ቦታ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ሲጽፉ ለቤት የቀረበ፣ ከብዙ አቅጣጫ የሚታይ፣ መሬቱ ለስላሳ፣ ጥላ ያለው ይላሉ። ጀፎረ እነዚህን አሟልቶ ይዟል።

ሌላም ነገር አለው። ሕግ አለው። መሬት በጠበበበት፣ ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት አገር ያን ያህል ሰፊ ቦታ ለትውልድ የቆየው እንዲያው በዕድል አይደለም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ በሚያጸኑት፣ ቅጫ በተባለው ባህላዊ ሕግ ጀፎረን አጥሮ መያዝ፣ ቆርሶ ማረስ፣ ቤት ሠርቶ ማጥበብ ነውርም ጥፋትም ነው። ሀብታምም ይሁን ባለሥልጣን፣ ጀፎረ የእሱ አይሆንም። የጋራ ቦታ የጋራ ሆኖ የሚቆየው እንዲህ የሚጠብቀው ሲኖር ነው። በኋላ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ፤ እኔ እንደማምነው ለከተሞቻችን ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ከተማ እንምጣ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ የተዘረጋች የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ቡታጅራ ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ በሆሳዕና መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ሁለቱም የአውራ ጎዳና ከተሞች ናቸው። ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ ደጅ ላይ ነው። ቆርቆሮው በበጋ ቤቱን ያግለዋል፤ ግቢው ብዙ ተከራይ ስለሚጋራው የልብስ ማስጫ እንጂ የልጅ መሮጫ አይተርፍለትም። ልጁ ወይ መንገድ ዳር ይወጣል፣ ወይ ስልክ ላይ ያፈጣል። ሁለቱም አይበጁትም።

እንግዲህ የት እንውሰደው? በአዲስ አበባ ወዳጅነት ፓርክ አለ፤ በቢሾፍቱ የኩሪፍቱ የውሃ መዝናኛ አለ። አቅሙ ያለው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ልጆቹን ይዞ ቢሄድ ደስ ይላል። ሕፃን ግን በዓመት አንድ ጊዜ ተጫውቶ አይጠግብም። የሦስት ዓመት ልጅ የሚያስፈልገው በእግሩ የሚደርስበት፣ ነገም ከነገ ወዲያም የሚመለስበት ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ቅጥር ግቢ ዳር ያለ ሜዳ ሊሆን ይችላል፣ አስተዳዳሪዎቹ ከፈቀዱ፤ ቅዳሜና እሑድ ክፍት የሚሆን የመዋዕለ ሕፃናት ግቢ ሊሆን ይችላል፤ በሰፈሩ ውስጥ ዋርካ ወይም ሾላ የቆመበት ክፍት መሬት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. በጀመረችው "መንገድ ለሰው" በተወሰኑ እሑዶች አስፋልቱን ለመኪና ዘግታ ለልጆች ከፍታዋለች። ከባሕር ማዶም ብንጠቅስ፣ የኔዘርላንድስ ከተማ አምስተርዳም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ፣ አልዶ ቫን አይክ በተባለ አርክቴክት እጅ ከ700 በላይ የሰፈር መጫወቻዎችን ሠርታለች። ብዙዎቹ የፈረሰ ቤት በተወው ባዶ ቦታና በማዕዘን ቁራጭ መሬት ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የአሸዋ ገንዳ፣ ጥቂት የድንጋይ መረማመጃ፣ ቀላል የብረት መንጠላጠያ፣ መቀመጫና ዛፍ፣ ይኸው ነው። ከጦርነት የወጣች ድሃ ከተማ ይህን ማድረግ ከቻለች የእኛም ከተሞች አያቅታቸውም።

አሁን ስለ ጥላ እናንሳ። ወልቂጤም ቡታጅራም ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፤ ነገር ግን ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ነፋስ እየነፈሰም ልጅ ይቃጠላል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ ሕፃን ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ባርኔጣም ይድረግ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄያችን ወደ ሌላ ጥፋት እንዳይወስደን። ፀሐይን ፈርታችሁ ልጅን ጨርሶ ቤት አትዝጉበት። በቡታጅራ የሕፃናትን የመተንፈሻ አካላት በሽታ ያጠኑት ዶክተር ሉሉ ሙሄ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሌላ ጥናት አድርገው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመው ነበር። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 42 በመቶው ሪኬትስ፣ ማለትም አጥንትን የሚያለሰልሰው በሽታ፣ ተገኝቶባቸዋል። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለሪኬትስ ዋናው ምክንያት የቫይታሚን ዲ ማነስ ሲሆን ቫይታሚን ዲን ሰውነት የሚሠራው ከፀሐይ ነው። በዓመት አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚወጣበት አገር ልጅ ፀሐይ አጥቶ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ምክንያቱም ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ይውላል። እናቶቻችን ሕፃን ልጅን የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ለዚህ ነው፤ ልማዱ ትክክል ነውና አትተዉት። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው የጠዋት ፀሐይ ትንሽ ይሩጥ፣ ሲከር ጥላ ይግባ። መጫወቻው ፀሐይም ጥላም ያለው ቢሆን የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጥላ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ዋርካና ሾላ ሰፊ ጥላ ይጥላሉ። ዋንዛና ብሳናም ጥሩ ናቸው፣ ቶሎም ያድጋሉ። ባሕር ዛፍ ግን ለልጅ ጥላ አይሆንም። ቅጠሉ ቁልቁል ስለሚንጠለጠል ፀሐዩን በመሐሉ ያሳልፋል፣ ሥሩም ሣር አያበቅልም። ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ለገበያ ያለውን ጥቅም የጉራጌ ገበሬ ከእኔ በላይ ያውቃል። ለልጅ መጫወቻ የምንተክለው ግን ሌላ ዛፍ ይሁን።

ቦታው ስትደርሱ ልጁን ከመልቀቃችሁ በፊት እናንተ አንድ ዙር ዙሩበት። የጠርሙስ ስባሪ፣ የግራር እሾህ፣ የውሻና የሰው ዐይነ ምድር መኖር አለመኖሩን እዩ። አጥሩ ቅንጭብ ከሆነ ልጁ ቅርንጫፉን እንዳይቀነጥስ አርቁት፤ ነጩ ወተት ዐይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፣ ቢገባም ሳታመነቱ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በቆሻሻ መድፊያ ዳር የሚበቅሉት ጉሎና አስተናግር ፍሬያቸው መርዝ ነው፤ የጉሎው ዝንጉርጉር ፍሬ ደግሞ ለልጅ ዐይን ያምራል፣ እንደ ከረሜላ ወደ አፉ ይወስደዋል። ከብረት የተሠራ ሸርተቴ ወይም ዥዋዥዌ ካለ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ እናንተን ካቃጠላችሁ ለሕፃን ጭን ይብሳል። አቧራማ መሬት ላይ ሙጀሌ አለና ልጁ ሣር እስኪደርስ ጫማው አይውለቅ።

አሁን ወደ ውሃው እንሂድ። ለአንዲት የወልቂጤ እናት "ልጅሽን በውሃ አጫውቺ" ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የውሃ ጥያቄ በዚህች ከተማ ለዓመታት የቆየ ጥያቄ ነው። ጀሪካን ደርድሮ የሚጠብቅ፣ በባጃጅ አስጭኖ የሚገዛ ቤተሰብ ውሃ ለጨዋታ ማፍሰስ ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም። ግን ምን ያህል ውሃ ነው የምንለው? ለአንድ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ይበቃል። ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል የቆመ ውሃ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ መሆን የለበትም። ጨዋታው ሲያልቅ ያ ውሃ ዛፍ ሥር ይፈስሳል። ችግኝ ባለበት ሜዳ አምስት ልጆች ከተጫወቱ አንድ ችግኝ የዕለት ውሃውን አገኘ ማለት ነው።

እስቲ አንድ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሲጫወት ቀረብ ብለን እንየው። ሳፋው ሣር ላይ፣ ዛፉ ሥር ነው። አጠገቡ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ አንድ የሻይ ወንፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ መዳፉን ውሃው ላይ መታ ያደርጋል፤ ፊቱ ላይ ሲረጨው ይደነግጥና እናቱን ያያል። ስትስቅለት ደግሞ ይመታል። ከዚያ ኩባያውን ይነክራል፣ ሞልቶ ያነሳል፣ የሃይላንዱን ጠባብ አፍ ፈልጎ ያፈስሳል፤ ውሃው ግን በጠርሙሱ ጎን ይወርዳል። ደግሞ ይቀዳል። በዚህኛው በግራ እጁ ጠርሙሱን ያዝ ያደርጋል። ከንፈሩን ነክሶ፣ ቀስ ብሎ ያዘነብላል፤ ጥቂት ይገባል። ወንፊቱን ሲያነሳ ግን ምንም አልያዘም፣ ሁሉም አለቀ። ገልብጦ ያየዋል፣ እንደገና ይነክራል፣ እንደገና ያልቃል።

ይህ ልጅ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሁለት እጁን ማስተባበር፣ ኃይሉን መመጠን፣ መሙላትና መጉደልን ተምሯል። ኋላ እርሳስ የሚይዘው በዚያው እጅ ነው። እናንተ ደግሞ አፋችሁን አትዝጉ፦ "ሞላ፣ ጎደለ፣ ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፣ ጠለቀ፣ ተንሳፈፈ" እያላችሁ አብራችሁት ሁኑ። በቤታችሁ በምትናገሩት ቋንቋ ንገሩት፤ ቸሃም ሆነ መስቃን፣ ክስታኔም ሆነ እነሞር፣ አማርኛም ሆነ ስልጥኛ። ልጅ ቃል የሚይዘው ነገሩን በእጁ ይዞ ሲሰማው ነው።

አራትና አምስት ዓመት የሞላቸው ሲሆኑ ጥያቄ ጨምሩበት። የሃይላንድ ጠርሙስ ታችኛውን ክፍል በመርፌ ሦስት አራት ቦታ ብሱና ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ግጠሙት፤ ውሃው መውረዱን ያቆማል። ክዳኑን ስትፈቱት ይወርዳል። ልጁ ይገረማል፣ ይጠይቃል። ከላይ አየር ካልገባ ውሃው እንደማይወርድ እሱ ራሱ ከፍቶና ዘግቶ ይደርስበታል። ብርቱካን ካገኛችሁ ከነልጣጩ ውሃ ላይ ጣሉት፣ ይንሳፈፋል፤ ልጡና ጣሉት፣ ይሰጥማል። የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ጀልባ ይሆናል፤ ስንት ጠጠር ችሎ እንደሚሸከም ይቁጠሩ። ሮጦ መጫወት የማይችል፣ እግሩ ወይም ዐይኑ የተጎዳ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህ ጨዋታ በተለይ የእሱ ነው፤ ተቀምጦ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ከእኩዮቹ እኩል ይጫወተዋል።

"ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይይዘዋል" የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። ይህን ስጋት አልንቀውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራና አካባቢዋ ባሉ 10 ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እየተከታተለ ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ቡታጅራ በዓለም የጤና ጥናት ስሟ የሚጠራውም በዚህ ነው። በዚያ አካባቢ የሕፃናትን ሕይወት ከሚቀጥፉት በሽታዎች ግንባር ቀደሞቹ የሳንባ ምችና ተቅማጥ እንደነበሩ ጥናቶቹ አሳይተዋል። እናት መፍራቷ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሳንባ ምች የሚመጣው በተሕዋስያን ነው፤ የተፋፈገ ቤትና የማድቤት ጭስ ያባብሱታል። ከቤት ውጭ፣ ንጹሕ አየር ላይ ጥቂት ውሃ የነካው ልጅ በዚያ ምክንያት የሳንባ ምች አይይዘውም። ቢሆንም ሕፃን ሲበርደው ቶሎ ይደክማልና ጀሪካኑን ቀድማችሁ ፀሐይ ላይ አሙቁት፤ ደረቅ ልብስና ፎጣ ያዙ፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጨዋታው አበቃ ማለት ነው። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያለበት ልጅ ደግሞ ለራሱም ለሌሎቹም ሲባል በዚያ ቀን ቤት ይዋል።

ተቅማጥን የሚከላከለው የውሃው ንጽሕና ነው። ልጅ የሚጫወትበትን ውሃ መቅመሱ አይቀርምና የማታውቁት ውሃ ከሆነ ውሃ አጋር በተባለው ማከሚያ አክሙት። ሲጨርስ እጁንና ፊቱን በሳሙና አጥቡት። ፊት መታጠብ ብዙ ሕፃናትን ከሚያጠቃው ትራኮማ ይጠብቃል፤ መታጠብን ቤት ውስጥ እያለቀሰ የሚሸሽ ልጅ እዚህ እየሳቀ ይታጠባል።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ እባካችሁ ልብ ብላችሁ አድምጡኝ። ወንዝ ለሕፃን መጫወቻ አይደለም። ወልቂጤ አጠገብ ዋቤ ይፈስሳል፤ በቡታጅራ በኩል ከጉራጌ ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች ወደ መቂ ወንዝና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይሄዳሉ። በክረምት እነዚህ ጅረቶች እላይ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ታች ሳይዘንብ ድንገት ይሞላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ሰው ያህል በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከእነዚህ ሩብ ለመድረስ ጥቂት የቀረው ድርሻ፣ ማለትም 24 በመቶው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። ሕፃን ሲሰጥም አይጮኽም፣ እጁን አያወናጭፍም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ወንዝ ብቻ አይደለም፣ ግማሽ የደረሰ ባሊም ይገድላል፤ የአንድ ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነውና በግንባሩ ከተደፋ ራሱን ማንሳት አይችልም። ስለዚህ ልጅ በውሃ ሲጫወት አንድ አዋቂ ሰው በክንድ ርቀት ይቀመጥ። የሰባት ዓመት እህቱን "አንቺ ጠብቂው" ብሎ መሄድ ለሁለቱም በደል ነው። ስልክ የሚያወራ ሰውም ጠባቂ አይባልም። ሳፋው ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው ይገልበጥ። ይህ ወባን ለመከላከልም ይበጃል፤ የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው።

ወንዙ ሌላም ችግር አለው፤ ቢልሃርዚያ። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይወጣል፤ ልጁ እግሩን ሲነክር ቆዳውን በስቶ ይገባል። አፉን መዝጋቱ አያድነውም። የወንዝ ውሃ ከመጠቀም ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ ቀንድ አውጣ የሌለበትን ውሃ በጀሪካን ቀድታችሁ፣ ከድናችሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጡት፤ ትሉ ወደ ሰው ሳይገባ ከዚያ በላይ አይቆይም። ከዚያም ለተቅማጡ በውሃ አጋር ይታከም። በነገራችን ላይ ይህን በሽታ በመዋጋት ኢትዮጵያዊው ዶክተር አክሊሉ ለማ ስማቸው በዓለም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ልጃችሁ ወንዝ ገብቶ ከነበረና ሆዱን የሚያመው፣ ደም የቀላቀለ ዐይነ ምድር የሚወጣው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መድኃኒት አለው።

በክረምት ደግሞ የተሻለ ምንጭ አለን፤ ቆርቆሮ ጣራ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ ይውረድ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያዙት። ቤተሰቡ ወረፋ ጠብቆ ያመጣውን ውሃ ሳይነካ ለልጅ ጨዋታ ይበቃል።

አባቶች ሆይ፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተም ነው። ገበያ የምትውል እናት፣ ማታ ደግሞ ቤት የሚጠብቃት እናት፣ ልጅ ይዛ ሜዳ የምትሄድበት ሰዓት የላትም። እሑድ ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ልጁን ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃና ኩባያ ይዛችሁ ብትወጡ እሷም ታርፋለች፣ ልጁም አባቱን ያገኛል።

አሁን ወደ ጀፎረ ሕግ ልመለስ። በከተማ ውስጥ የልጅ መጫወቻ የሚጠፋው ገንዘብ ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ባለቤት ስለሌለው ነው። ክፍት ቦታ ሲታይ አንዱ አሸዋና ድንጋይ ያራግፍበታል፣ አንዱ አጥሩን አንድ ክንድ ያስገባበታል፣ አንዱ ቆሻሻ ይደፋበታል። ዛፉ ለማገዶ ይቆረጣል። ጀፎረ ላይ ይህን ያደረገ ሽማግሌ ፊት ይቀርብ ነበር። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች፤ አንቀጽ 31 ሕፃን የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ ወረቀት ላይ ሠፍሯል፤ የሰፈሩን ሜዳ የሚጠብቀው ግን የሰፈሩ ሰው ነው።

ይህ ሕዝብ ደግሞ አብሮ መሥራት አዲስ አይሆንበትም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ከአዲስ አበባ ሱቆቻቸውና ከየሥራቸው ገንዘብ አዋጥተው አገራቸውን በመንገድ አገናኝተዋል፤ ዛሬ ቡታጅራን አቋርጦ ወደ ሶዶ የሚሄደው መንገድ የተጀመረው በዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት በኩል በሕዝብ መዋጮ ጭምር ነው። ያን ያህል መንገድ ያወጣ ሕዝብ ለልጆቹ አንድ የጥላ ሜዳ አያቅተውም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእድሮች ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ጨምሩ፦ በሰፈራችን ለሕፃናት የሚሆን ክፍት ቦታ የቱ ነው? ለይታችሁ ለቀበሌውና ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለሌላ እንዳይሰጥ በመዝገብ ይያዝ። እሾሁንና ስባሪውን በዘመቻ አንሱ። በሐምሌ፣ መሬቱ ሲርስ፣ ዋንዛና ሾላ ትከሉበት፣ ከብት እንዳይበላውም እሾህ እጠሩለት። ዛፉ ጥላ እስኪጥል ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያው ሁለት እንጨት አቁማችሁ ከላይ ሸራ ወይም አሮጌ አንሶላ ብትወጥሩበት ጥላ ነው። የውሃ ባንቧ ያለው ትምህርት ቤት አጠገባችሁ ካለ ቅዳሜ ጠዋት በሩን እንዲከፍት ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ። የሰፈራችሁን ቦታ ለይታችሁ ሥራ ከጀመራችሁ ለጣቢያችን ደውሉልን፤ መጥተን እናያለን፣ ለሌሎች ሰፈሮችም በዚሁ ሰዓት እናሰማለን።